ዘንድሮ የትኛውን መጽሐፍ ወደዱ? ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ዓመቱ ሊያልቅ ነው። በዚህ ሰሞን ስለ መጽሐፍ የምትጠይቁኝ ሁልጊዜም ብዙ ናችሁ። ዘንድሮም "ምን አነበቡ? የቱን ወደዱ?" የሚለው ጥያቄ ከባህር ዳርም፣ ከሐይቁ ዳር ከተሞችም፣ ከአዲስ አበባም መጥቷል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ ስም ሳልጠቅስ አቅርቤያቸዋለሁ። አንዳንዱን በሰፊው እመልሳለሁ፤ አንዳንዱን ባጭሩ።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ እኔ ነርስ ነኝ። የምኖረው አባይ ማዶ ነው። አዳር ተረኛ ስሆን ሥራው ቀለል ካለ አነባለሁ። በዓመቱ ካነበቡት ውስጥ በጣም የወደዱትን ይንገሩኝ። "ጥሩ ነው" ብቻ ብለው እንዳያልፉኝ፤ ለምን እንደወደዱትም ይጻፉልኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንዴት እንደማነብ ልንገርሽ። ምርጫዬ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው።

እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው። ቤታችን ሽምብጥ ነው፤ ሲመሽ የሐይቁ ነፋስ ግቢያችን ድረስ ይገባል። እናቴ ዓይኗን ሞራ ከጋረዳት ወዲህ ማንበብ አትችልም። ዳዊቷን በቃሏ ትደግማለች። ሌላውን ማታ ማታ እኔ አነብላታለሁ። መጀመሪያ ለእሷ ብቻ ብዬ የጀመርኩት ነው። ቆይቶ የጎረቤት ልጆች መምጣት ጀመሩ። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ እናቶቻቸውም ይጨመራሉ። ባትሪው አንድ ስለሆነ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል። ስለዚህ የዘንድሮ መጽሐፎቼን አብዛኞቹን የመዘንኳቸው በጆሮ ነው። ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሚሞት መጽሐፍ አለ። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነፍስ የሚዘራ መጽሐፍም አለ።

ከሁሉም የበለጠብኝ "መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ" ነው። ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ፣ አባቱ አለቃ ለማ ያወጉትን ይዞ ያቆየልን መጽሐፍ ነው። አለቃ ለማ የቤተ ክህነት ሊቅ ናቸው። ስለ ተማሪነታቸው፣ ስለ መምህሮቻቸው፣ ስለ ቅኔ፣ በዘመናቸው ስለነበሩ ነገሥታትና መኳንንት ያወራሉ። ልጅየው ወሬያቸውን ወደ መጽሐፍ ቋንቋ ለመለወጥ አልሞከረም። የሽማግሌ ጨዋታ እንደሆነ ተወው። ከአንዱ ነገር ተነሥተው ወደ ሌላው ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ሰው ይጠራሉ፣ ቅኔ ያመጣሉ። ዝም ብለሽ በዓይንሽ ስትሄጂበት አንዳንዱ ቦታ ሊያደናግርሽ ይችላል። ድምፅ ስትሰጪው ግን ሁሉም መንገዱን ያገኛል።

እናቴ ያዳመጠችው አለቃ ለማ ግቢያችን ገብተው፣ ወንበር ስበው የተቀመጡ ያህል ነው። ትመልስላቸዋለች። "እውነታቸውን ነው" ትላለች። ሲያሻት ደግሞ "እሱስ እኛ አገር እንዲያ አይደለም" ብላ ትሟገታቸዋለች። ከዚያ ስለ ወንድሟ ማውራት ጀመረች። ወንድሟ ዋሸራ ቅኔ ቤት ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ያሳለፈውን ዘመን ነገረችን። እኔ ልጇ ሆኜ ይህን ታሪክ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። አንድ ገጽ ሳነብ እሷ ብዙ ትጨምራለች። መጽሐፉን ለመጨረስ ረጅም ጊዜ የፈጀብን ለዚህ ነው። እኔም እንዲያልቅ አልቸኮልኩም።

ይህን መጽሐፍ ለአዳር ተረኛነትሽ አልመክርሽም። ቤትሽ ውስጥ ወይም ጎረቤትሽ ዕድሜ የጠገበ ሰው ካለ ለእሱ አንብቢለት። መጽሐፉ ካለው በላይ ትሰሚያለሽ።

ለብቻሽ ለምታነቢበት ሌሊት የምሰጥሽ የሐዲስ ዓለማየሁን "ትዝታ" ነው። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን የማያውቅ ሰው የለም። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ያልገባበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ያላነበበው እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቷል። "ትዝታ"ን ያነበበ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ደራሲው ስለ ራሳቸው የወጣትነት ዘመን የጻፉት ነው። ጣልያን ሲወር ከራስ እምሩ ጦር ጋር ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ጦሩ ከተፈታ በኋላም ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ሲያፈገፍጉ አብረው ነበሩ። በመጨረሻ ተማርከው ጣልያን አገር ተወሰዱ፤ ለዓመታትም ታሰሩ። የወደድኩት ራሳቸውን ጀግና ለማድረግ አለመቸኮላቸውን ነው። አንቺ በሥራሽ የሰውን ድካም በቅርብ የምታዪ ሰው ስለሆንሽ ድካማቸው የሚገባሽ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የዘጌ ልጅ ነኝ፤ አስተማሪም ነኝ። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት ሰው የእኛ አገር ሰው ናቸው ሲባል ሰማሁ። ተማሪዎቼን ብጠይቃቸው የሚያውቅ አላገኘሁም። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ መጽሐፉ ዛሬ ይነበባል ወይስ ለታሪክ ብቻ ነው?

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. የተወለዱት ዘጌ ነው። በምኒልክ ዘመን ጣልያን አገር ተልከው ሥዕል ተማሩ። የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳዎች ላየ ሰው የዘጌ ልጅ ሥዕል መውደዱ አይደንቀውም። በኋላ ኔፕልስ ከተማ አማርኛ አስተምረዋል። "ልብ ወለድ ታሪክ" ብለው የሰየሙትን መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አሳተሙ። ዛሬ "ጦቢያ" እያልን የምንጠራው እሱን ነው።

ይነበባል ወይ ላልከው፣ አዎ ይነበባል። ታሪኩን ትንሽ ላስቀምስህ። አንድ የጦር አለቃ በጦርነት ተሸንፎ ይማረካል። ጨርሶ የማያውቀው ነጋዴ ገንዘብ ሰጥቶ ነፃ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ የአባቱን ውለታ ለመመለስ ነጋዴውን ፍለጋ ከቤቱ ይወጣል። እሱም መንገድ ላይ ተይዞ በባርነት ይሸጣል። መንታ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትነሣለች። የቀረውን አልነግርህም። እኛ ግቢ ጦቢያ የወንድ ልብስ የለበሰችበት ቦታ ላይ ስንደርስ ልጃገረዶቹ ቁጭ ብድግ አሉ። በማግሥቱ ገና ሳይመሽ በሩን አንኳኩ።

ቋንቋው ይከብዳል የሚሉ አሉ። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፤ ያ እውነት ነው። አፈወርቅ አንድን ነገር አንድ ጊዜ ተናግረው አያልፉም። መልኩን፣ ድምፁን፣ ሐዘኑን ደራርበው ያመጡታል። በዓይን ብቻ የሚያነብ ተማሪ መሐል ላይ ይጠፋበታል። ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ተማሪ ግን ትንፋሹ የት ላይ እንደሚያርፍ ወዲያው ያገኘዋል። እኔ ክፍል ውስጥ የማደርገው ይህን ነው፦ የመጀመሪያውን ገጽ ራሴ አነባለሁ፤ ሁለተኛውን ሁለት ተማሪ ተቀባብሎ ያነባል፤ ከዚያ ማንም አይለምነኝም፣ እነሱ ናቸው የሚሻሙት። የማይገባቸውን ቃል በየመሐሉ እያቆምክ አታስረዳ። ታሪኩ ይቅደም። ቃሉን በኋላ ይጠይቁሃል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። አፈወርቅ በጣልያን ወረራ ዘመን ከወራሪው ጎን ቆመዋል። ከነፃነት በኋላ በግዞት ጅማ ተቀምጠው እዚያው አረፉ። ይህን የሚያውቁ አንዳንድ ሰዎች መጽሐፉን እንዳስተምር አይፈልጉም። እኔ አልስማማም። ለተማሪዎችህም እንዳትደብቃቸው እለምንሃለሁ። የዘጌ ልጅ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጻፈ፤ የዘጌ ልጅ በአገሩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አደረገ። ሁለቱንም ንገራቸው፤ ይከራከሩበት። እኔ ዘንድሮ "ጦቢያ"ን እና "ትዝታ"ን ያነበብኳቸው ተከታትዬ ነው። አንደኛው ደራሲ በጣልያን ያመኑ፣ ሁለተኛው ጣልያን ያሰራቸው። ሁለቱም የቤተ ክህነት ትምህርት ያሳደጋቸው ናቸው። በአማርኛቸው ግን ይለያያሉ፤ ሐዲስ ነገሩን ቆጥበው ያስቀምጣሉ፣ አፈወርቅ ያዘንባሉ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ የንጽጽር ትምህርት አላውቅም።

በነገራችን ላይ፣ ከባህር ዳር በጀልባ ወደ እናንተ ለመምጣት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ተማሪዎችህ ተዘጋጅተው በቡናው ጥላ ሥር ያነቡ ከሆነ እኔ መጥቼ ማዳመጥ እፈልጋለሁ። ከልቤ ነው የምልህ።

ጥያቄ፦ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የመጽሐፍ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ከቴሌግራም ፒዲኤፍ አውርጄ በስልኬ ነው የማነበው። ጓደኞቼ "ይሄ ንባብ አይደለም" ይሉኛል። ሌላው ችግሬ ከጥቂት ገጽ በላይ መዝለቅ አለመቻሌ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ በስልክ ማንበብ ንባብ ነው። ጓደኞችህ ተሳስተዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ያ ፒዲኤፍ ከየት መጣ?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑ፣ ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። "ጦቢያ" ይህ ዘመን አልፎታል፤ በነፃነት አውርደህ አንብብ፣ ለጓደኛህም ላክ። "ፍቅር እስከ መቃብር" ግን ገና ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ መብቱ እስከ 2046 ዓ.ም. ይቆያል። በሕይወት ያለ ደራሲ ደግሞ ዓመታት ለፍቶ፣ ለማተሚያ ቤት ተበድሮ ያወጣው መጽሐፍ በሳምንቱ ስካን ተደርጎ ሲለቀቅበት ሁለተኛውን መጽሐፍ የሚጽፍበት አቅም ያጣል። አንተ የምትወደው ደራሲ ዝም ሲል ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ዋጋው እንደከበደህ አውቃለሁ። እኔም የደመወዝ ሰው ነኝ። አምስት ሆናችሁ አንድ መጽሐፍ ግዙ። ቤተ መጻሕፍታችሁን ፈትሹ፤ በግቢያችሁ መደርደሪያ ላይ ተረስተው የተቀመጡ የአማርኛ መጽሐፎች አሉ። መንገድ ዳር አንጥፈው አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆችንም ተዋወቃቸው። ዛሬ የሌላቸውን ነገ ያመጡልሃል።

መዝለቅ አለመቻልህን በተመለከተ፣ ለማንበብ ስትቀመጥ ዳታውን አጥፋ። ይህን ሳታደርግ ሌላ ምክር አይሠራም። ከዚያ በበዓሉ ግርማ "ከአድማስ ባሻገር" ጀምር። የመንግሥት ሥራውን ትቶ ሥዕል መሣል የሚመኝ ሰው ታሪክ ነው። ንግግር የበዛበት፣ ፈጣን መጽሐፍ ነው፤ በዕድሜህ ያለ ሰው ጥያቄም አለበት። ቢቻል ከዶርም ጓደኛህ ጋር ምዕራፍ ምዕራፍ ተከፋፍላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሰው እያዳመጠህ ስልክህን አትነካም።

ጥያቄ፦ ከወረታ ነው የምጽፈው። የ11 ዓመት ልጅ አለኝ። አማርኛ ማንበብ ይችላል፣ ግን አይወድም። ምን ልግዛለት?

መልስ፦ የከበደ ሚካኤልን "ታሪክና ምሳሌ" ይግዙለት። አጫጭር ነው፣ ግጥም አለው፣ ለአፍ ይመቻል። አንዱን ካነበበ በቃው፤ እንዳያስገድዱት። ደግሞ እርስዎ የፎገራ ሰው ነዎት። አለቃ ገብረ ሃናም የእናንተው አገር ሰው ናቸው። ቀልዶቻቸውን የሰበሰቡ መጽሐፎች ገበያ ላይ ይገኛሉ። ልጁ አንድ ቀልድ ያንብብና ለአያቱ ይንገር፤ አያቱ ደግሞ ሌላ ይጨምሩለታል። ልጆች የማያነቡት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማቸው ስላጡ ነው። እኛ ግቢ የሚመጣ አንድ ልጅ አለ፤ ክፍል ውስጥ ሲያነብ ይንተባተባል ይባላል። ለእናቴ ሲያነብላት አይንተባተብም። እሷ አታርመውም፣ አታስቸኩለውም፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" ነው የምትለው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ባህር ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ማንበብ እወዳለሁ፣ ግን የጦርነት ታሪክ መረረኝ። ዜናውም ወሬውም እሱው ነው። እባክሽ ጦርነት የሌለበት፣ ቢቻል የሚያስቅ መጽሐፍ ንገሪኝ።

መልስ፦ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ ተነካ። ብዙ ሰው እንዲህ ይሰማዋል፤ እኔም ይሰማኛል።

መደርደሪያዬን አንድ በአንድ አየሁት። ከባድ ሥራ ነው። "ጦቢያ" በጦርነት ይጀምራል። "ትዝታ" ጦርነት ነው። "ፍቅር እስከ መቃብር" ውስጥ እንኳ ገበሬው በባላባቱ ላይ ይነሣል፤ መጨረሻውንም ታውቂዋለሽ፣ ዓይን አያደርቅም። ታሪካችን እንዲህ ስለሆነ ደራሲዎቻችንን አልወቅሳቸውም። ለጊዜው ዕረፍት ያስፈልገኛል ማለትሽ ግን ተገቢ ነው። ማንም እንዳያሳፍርሽ።

መልሴ የመንግሥቱ ለማ ተውኔቶች ናቸው። "ጠልፎ በኪሴ" እና "ያላቻ ጋብቻ"። የአባቱን ጨዋታ ያቆየልን ያው መንግሥቱ ለማ ነው፤ የሰው አነጋገር ጆሮው ውስጥ እንዴት እንደሚቀር በሁለቱም ይታያል። "ያላቻ ጋብቻ"ን በዚህ ክረምት አንብበነዋል። ከትልቅ ቤተሰብ የተወለደ የተማረ ወጣት ገጠር ገብቶ ይኖራል፤ ከቤት ሠራተኛው ጋር ትዳር ይመሠርታል። ይህን የሰሙት ወይዘሮ አክስቱ ከከተማ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አንቺው እይው።

ተውኔት ብቻሽን ከምታነቢው ተከፋፍላችሁ ብታነቡት ይሻላል። እኛ እንዲህ አደረግን። አክስትየዋን ለጎረቤታችን ሰጠናት፤ ዓሣ ነጋዴ ናት፣ ሰው ፊት ለመናገር ፍርሃት የሚባል ነገር አታውቅም። ማንበብ ስለማትችል ልጇ ከኋላዋ ሆና ቃሉን በሹክሹክታ ትነግራታለች። እሷ በራሷ ድምፅ፣ በራሷ ቁጣ ትለዋለች። ለገበያ የምታወጣውን ድምፅ ሁሉ አወጣችው። አጥር ሥር የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ሰሙ፤ ጠብ የመሰላቸውም ነበሩ። ወጣቱን ያነበበው አናጢ ልጅ አንዳንዴ ሳቁን መቆጣጠር እያቃተው ያቆም ነበር። እኔ የዝግጅት መመሪያውን ብቻ አነብ ነበር፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ። በዓመቱ ውስጥ እንደዚያ ማታ ሰው ሲስቅ አልሰማሁም።

እናቴ መጀመሪያ ከአክስትየዋ ጎን ነበረች። "ዘር ሳይጠይቁ ጋብቻ ምን ይሉታል?" አለች። ልጆቹ ተቃወሟት። ክርክሩ ከተውኔቱ በላይ ረዘመ። በመጨረሻ ልጅቷን ወደደቻት። "ሥራ የምታውቅ፣ አፏ የታረመ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ፈለጉ?" ብላ አክስትየዋን ተቆጣቻት። ዓሣ ነጋዴዋ ጎረቤታችን እናቴ እሷን የተቆጣቻት መስሏት ለአፍታ ዝም አለች፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን።

ሱቅሽ ከተዘጋ በኋላ ሁለት ሦስት ጎረቤት ሰብስቢ። ቡና አፍሉ። አንድ መጽሐፍ ይበቃል፤ እየተቀባበላችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ማንበብ የማይችል ሰው ካለ እንዳይቀር፤ ሰው ይንገረው፣ እሱ ይበለው። ማታ መሰብሰብ በማይመችበት ሰሞን ቀን አድርጉት። እኛም ሰፈሩ ጸጥ ባላለበት ጊዜ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናደርገው ነበር።

ጥያቄ፦ እርስዎ የአማርኛ ድርሰት ብቻ ነው የሚያወድሱት። ትርጉም ይንቃሉ?

መልስ፦ በፍጹም። ነብይ መኰንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ ወረቀት ሲያጣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመውን "ነገም ሌላ ቀን ነው" እንዴት ልንቅ እችላለሁ? መጽሐፉ የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ይተርካል። የባሪያ አሳዳሪዎቹን ዓለም የሚያይበት ዓይን እኔን አያስማማኝም፤ ይህንንም ለሚያነብ ሁሉ እነግራለሁ። አማርኛው ግን ትርጉም መሆኑን ያስረሳል። እሱን ለመጪው ዓመት ለግቢያችን አስቤዋለሁ። ወፍራም ስለሆነ ከጥቅምት ጀምረን የምንዘልቀው ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፤ ከዱርቤቴ። አቤ ጉበኛ የአቸፈር ልጅ ነው፤ የእኛው ማለት ነው። "አልወለድም"ን በወጣትነቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በችኮላ አንብቤዋለሁ። አሁን ተረጋግቼ ላነበው ፈልጌ አጣሁት። የት ላግኘው? እርስዎስ አንብበውታል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ዘንድሮ ደግሜ አንብቤዋለሁ። ገና በእናቱ ማኅፀን ያለ ሕፃን እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ አልወለድም ብሎ ይሟገታል። በንጉሡ ዘመን ወጥቶ ወዲያው የታገደው ለዚህ ነው፤ ደራሲውም በዚያው ዘመን ለግዞት ተዳርጓል። በችኮላ ያነበቡበትን ምክንያት እገምታለሁ፤ የዚያን ዘመን ሰው ብዙው ተደብቆ፣ ለሌላ ሰው ለማቀበል እየተጣደፈ ነው ያነበበው። የሕፃኑንና የእናቱን ክርክር በሁለት ሰው ድምፅ ያስነብቡት። ወጣቶቹ ከሌላው ክፍል ሁሉ እሱን ነው የወደዱት። ከዚያ በኋላ ያለው ስብከት ይበዛበታል፤ ይህን የምለው አቤን ሳከብረው ነው። እናቲቱ የምትናገርበት ቦታ ላይ ግን ከእኛ ግቢ ሴቶች ያላለቀሰች አልነበረችም።

አሮጌ ቅጂ የሚሸጥ ካጋጠመዎት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ገጾቹን አንድ በአንድ ይዩ። ብዙ እጅ ያለፈ መጽሐፍ ስለሆነ መጀመሪያና መጨረሻው የተገነጠለ ይበዛል። ባህር ዳር መምጣት የሚችሉ ከሆነ እኔ ዘንድ ያለውን ላውስዎት እችላለሁ። በመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል በኩል ይጻፉልኝና ቀኑን እንነጋገር። እስከ ጥምቀት ድረስ እርስዎ ዘንድ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ግን እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ፤ ከእርስዎ ቀጥለው ተራ የያዙ ሰዎች አሉ።